ተቀባይ የሚጠብቅ ፒያኖ

ጓደኛዬ ፒያኖ ሲጫወት ዝም የሚልበት ቦታ ነበረው። እኔ ደግሞ ዝምታ አልወድም። ያደግሁት ሱቅ ቤት ነው፤ አባቴ ጨርቅ ሲለኩ፣ አጎቴ በአንዱ ጥግ ካሴትና የሬዲዮ ድንጋይ ሲሸጥ፣ ደንበኛ ሲከራከር፣ ከመደርደሪያው ላይ ሬዲዮ ሲጮኽ። ስለዚህ ያን ዝምታ እንዴት እንደ ጠላሁትና ኋላ እንዴት የእኔ እንደ ሆነ ካወራሁ፣ ስለ ሰውየው የማውቀውን ሁሉ አወራሁ ማለት ነው።

ከግቢያችን ጀርባ ያሉት ክፍሎች ትርፍ ቤት ተብለው ሲወረሱ ቀበሌ አንደኛዋን ለእሱ አከራየው። አባቴን በገዛ ግድግዳቸው ላይ ሌላ ሰው ሚስማር ሲመታ መስማት አንጀታቸውን አሳረራቸው። ሰላምታውን ይመልሱና ወዲያው ፊታቸውን ወደ ሱቁ ያዞራሉ። እሱ ግን ቀጭን፣ እጁ ረጅም፣ ሰው የሚፈራ ልጅ ነበር። ይዞት የመጣው ዕቃ ፍራሽ፣ ፋኖስና አንድ ረጅም ጣውላ ብቻ ነው። ጣውላው ላይ የፒያኖ ቁልፎችን በነጭና በጥቁር ቀለም ስሎ ጠዋት ጠዋት ያለ ድምፅ ይለማመድበታል። እናቴ በመስኮት አይታው፣ ይኼ ልጅ ጤና የለውም፣ እንጨት ይደበድባል ብላ ለአባቴ ነገረች። አባቴ ሊጠይቁት ገብተው ብዙ ቆዩ። ሲወጡ እየሳቁ ነበር። ከዚያ ወዲያ «የእኛ ተከራይ» እያሉ ለሰው ሁሉ ያወሩለት ጀመር፤ ኪራዩን የሚቀበለው ቀበሌ መሆኑን እስኪረሱት ድረስ።

የተወለደው ዘጌ ነው። አባቱ መሪጌታ ናቸው፤ ቡናው መሐል ባለ ቤተ ክርስቲያን ዜማ ያስተምሩ ነበር። ልጃቸውንም ከሌሎቹ ተማሪዎች ሳይለዩ አስተማሩት፤ እሱም እንደ ተማሪዎቹ «የኔታ» ይላቸዋል። «አባባ» ሲላቸው ሰምቼ አላውቅም። ድጓውን ሳይጨርስ አስኳላ አማረውና በጀልባ ተሻግሮ ባሕር ዳር ገባ። የኔታ አልከለከሉትም፤ አልመረቁትምም። ያቺ ያልተነገረች ምርቃት ስትከነክነው ኖራለች።

ፒያኖውን ያገኘው በከተማው ትልቁ አዳራሽ ነው። ፋብሪካ ውስጥ ማሽን የሚተክል የአንድ ሩሲያዊ ሚስት እዚያ ልጆች ታስተምር ነበር፤ እኛ ማዳም እንላታለን። እሱ ከበሩ ውጭ ቆሞ ሲያደምጥ ያዘችውና አስገባችው። አማርኛዋ «ቀስ»፣ «እንደገና» እና «አይደለም» ብቻ ነበር። ለፒያኖ ከዚያ በላይ አማርኛ አያስፈልግም ይል ነበር እሱ። በጥቂት ዓመት ውስጥ የድሮ ፈረንጆች ለቤተ መንግሥትና ለቤተ ክርስቲያናቸው የደረሱትን ሁሉ ጣቱ ላይ አደረገችለት።

በሮክ የለከፍሁት ግን እኔ ነኝ፤ በዚህ እኮራለሁ። የአጎቴ ወዳጆች የሆኑ ሹፌሮች ከአስመራ ካሴት ያመጡልን ነበር፤ ፀጉራቸው ትከሻቸው ላይ የወረደ ነጮች ሲጮኹበት የሚውሉበት ካሴት። እኔ ያን እየሰማሁ ሊድ ጊታር ተማርሁ ብዬ ሰፈሩን አደንቁር ነበር። አንድ ቀን ክፍሉ ወስጄ አሰማሁት። ከበሮው ይደንቀዋል፣ ጩኸቱ ያስቀዋል ብዬ ስጠብቅ፣ እሱ ጊታሪስቱ ብቻውን የሚጫወትባትን አንዲት ቦታ ይዞ «እንደገና» ይለኛል። በእስክሪብቶ እያጠነጠንሁ መለስሁለት። ሲበቃው ቀና ብሎ፣

«ይኼ ሰውዬ የማን ተማሪ ነው?» አለኝ።

እየቀለደ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን የምሩን ነው። ሰውየው ክሩን እየሳበ ድምፁን ሲያርገበግበው፣ የኔታ በዜማ ውስጥ ርክርክ የሚሉትን፣ ድምፅ እየተርገበገበ የሚወርድበትን ቦታ ሰምቶ ነው። በማግስቱ አዳራሹ ወሰደኝና ጣቱን በሁለት የፒያኖ ቁልፎች መሐል ባለው ስንጥቅ ላይ አሳርፎ፣ የየኔታ ድምፅ እዚህ ውስጥ ነው የወደቀችው አለኝ። ነጩን ሲነካው ታንሳለች፣ ጥቁሩን ሲነካው ትበልጣለች። ማዳምን ቢጠይቃት «አይደለም» ብላዋለች። እኔ ጊታሬን አነሣሁና ክሩን ቀስ ብዬ ሳብሁት፤ ድምፁም ከዚያ ስንጥቅ ውስጥ ወጣ። እንደዚያ ቀን ሲስቅ አይቼው አላውቅም። የሙያው ነገር ሁሉ ከዚያ ይጀምራል፤ ማዳም የሰጠችውን በአንድ እጁ፣ እኔ ያመጣሁለትን ጩኸት በሌላ እጁ ይዞ የየኔታን ድምፅ ፍለጋ ገባ።

ሁለታችንም የአውራጃው ኪነት ቡድን ውስጥ ተቀጠርን። ሥራችን ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ መሠረተ ትምህርትና ስለ ዘመቻ መዝሙር ማዘጋጀት ነበር። እሱ የማዳበሪያውን መዝሙር መግቢያ የማዳምን ልምምድ አድርጎት ያርፋል፤ ድምፃዊቷ የት እንደምትገባ ይጠፋትና እያየችኝ ትቆማለች። ስንቱን ቀን ተጣልቻታለሁ፣ ስንቱን ቀን ተጣልቼዋለሁ። ግን የገበሬ ማኅበር ስብሰባ ላይ እንኳ የእሱን መግቢያ የሰማ ሰው ወሬውን ያቆም ነበር።

የኔታ አንድ ጊዜ ለገበያ ተሻግረው መጥተው ሲጫወት ሰሙት። ማዳም የምትወደውን ረጅም ነገር ከዳር እስከ ዳር ተጫወተላቸው። የኔታ መቋሚያቸውን ተደግፈው አደመጡና፣ ያምራል፣ ግን ተቀባዩ የታለ ብለው ጠየቁት። በማሕሌት አንዱ ይመራል፤ ሐረጉን ብቻውን አዚሞ ሲያበቃ የቆሙት ይቀበሉታል። የእኛም መንዙማ እንደዚያው ስለሆነ ነገሩ ለእኔ እንግዳ አልነበረም። የኔታ ያሳዘናቸው ልጃቸው ብቻውን ጀምሮ ብቻውን መጨረሱ ነው፤ ገበታ ቀርቦለት አብሮት የሚቆርስ ሰው እንዳጣ አድርገው ነው ያዩት። ይህን ብለው ወደ ጀልባቸው ሄዱ። እሱ ለብዙ ቀን ጣውላውንም አልነካ።

ከዚያ ነው ያንን ድርሰት የጀመረው። ቃል የለውም። መጀመሪያ ፒያኖው ብቻውን፣ ቀስ ብሎ፣ ማዳም ባስተማረችው መንገድ ይሄዳል። መሐል ላይ ሲደርስ የኔታ ለበዓል ሲመሩ ከልጅነቱ ጀምሮ የሰማት አጭር ሐረግ ትመጣለች፤ በአራራይ ዜማ፣ በአንድ ጣት። ሐረጓ ስታልቅ ጸጥታ ይሆናል። ከጸጥታው በኋላ ድራሙ፣ ቤዙ፣ የእኔ ጊታር፣ ሁላችንም በአንድ ጊዜ እንገባና አዳራሹን እናነቃንቀዋለን። ተቀባዩ እናንተ ናችሁ ይለን ነበር።

ችግሩ ጸጥታው ነው። ረጅም ነው፤ ሰው ትንፋሹን የሚይዝበትን ያህል ይረዝማል። ድራም መቺያችን የጦር ሠራዊት ኦርኬስትራ ውስጥ ያረጀ ሰው ስለነበር፣ ዝምታ ሲመጣ አንድ ሰው ተሳስቷል ብሎ ለማዳን ይገባል። ጓደኛዬ አንገቱን እስኪነቀንቅለት ድረስ ዱላዎቹን ከመቀመጫው ሥር አድርጎ እንዲቀመጥባቸው ተፈረደበት። እኔም ጣቴ ይበላኛል። ለምን አናሳጥረውም ስለው፣ ተቀባይ አየር የሚስብበት ነው፣ አይነካም ይለኛል። በዚህ ብቻ ግትር ነበር።

በዚያ ሰሞን ከአውራጃው ኪነት አንድ ሰው ተመርጦ ሙዚቃ ሊማር ወደ ሶሻሊስት አገር እንደሚላክ ተነገረን። መራጮቹ መጥተው ዝግጅታችንን ያያሉ። ማዳም ከእኔ የምታገኘው አልቋል ብላ በምልክት ነግራዋለች፤ ከዚህ በኋላ ያለው እዚያ ነው። እንደዚያ ዕድል አድርጎ የፈለገው ነገር አልነበረም። እኛም ማንም እንዳይቀድመው ለፋንለት። የባህል ኃላፊያችን ድርሰቱን ሰምቶ፣ የቤተ ክርስቲያን ነገር እንዳይሸተኝ ብሎ አስጠነቀቀና «የጣና ሠርቶ አደሮች» የሚል ስም አወጣለት። ሐረጓን የሚያውቃት ሰው ካልሆነ ማንም አይጠረጥርም ብለን ተጽናናን።

ልክ በዚያው ሳምንት የኔታ ዓይናቸውን ሊታከሙ መጡ። ብርሃንና ጥላ ከመለየት በቀር አያዩም ነበር። ያረፉት ልጃቸው ክፍል ነው፤ ማለትም እኛ ቤት። እናቴ ምን እንደምታበላቸው ተጨንቃ አዲስ ሸክላ ድስት ገዛችና ክርስቲያን ጎረቤታችን በእሱ ሽሮ እንድትሠራላቸው አደረገች። ያን ድስት «የየኔታ ድስት» ብላ ከፍ አድርጋ ሰቀለችው፤ የነካ ወዮለት። የኔታና አባቴ ጠዋት ጠዋት ሱቁ ደጃፍ ተቀምጠው ስለ ዝናቡና ስለ ዓሣው ይከራከራሉ። አንዱ ሌላውን «ሐጂ» ይላል፣ ሌላው «የኔታ» ይላል፤ በዚህ ብቻ ነው የተስማሙት።

ልጃቸው ይምጡልኝ ብሎ ለመጠየቅ አልደፈረም። አባቴ ናቸው የዝግጅቱ ዕለት ሱቁን በጠራራ ፀሐይ ዘግተው፣ የኔታን ክንዳቸውን ይዘው አዳራሽ ያስገቧቸው። ዓይናቸው አያይም ብለው ደግሞ ፊት ካላስቀመጥኋቸው አሉ፤ ከመራጮቹ ጀርባ አስቀመጧቸው። እኔ ከመድረክ ሳያቸው የተቃኘ ጊታሬን እንደገና መቃኘት ጀመርሁ። ጓደኛዬ ግን አንድ ጊዜ አይቶ ወደ ቁልፎቹ ዞረ።

ቀስ ብሎ ጀመረ። ጣና ዳር ያለ ፒያኖ እርጥበቱ እያሰከረው የሚያስቸግር ቢሆንም፣ የዚያን ቀን ያለ ነውር ታዘዘው። ሐረጓ መጣች። በአንድ ጣት መራትና እጁን አነሣ። ጸጥታው ሆነ። ድራም መቺያችን ዱላው ላይ ተቀምጦ ላቡ ይወርዳል። ዛሬ እንኳ ባይሳሳት ብዬ እሱን ሳይ፣ ድምፅ ከፊት ወንበር ተነሣ።

የኔታ ተቀበሉት።

ዕድሜያቸውን ሙሉ እንዲያ አድርገዋል። ሐረግ ተመርቶ ሲያበቃ የቆመ ሰው ይቀበላል። ማን እንዳለ፣ የት እንዳሉ አያዩም፤ የሰሙት የራሳቸውን ምሪት ነው። መቋሚያቸውን ይዘው ተነሥተው፣ በዚያ በሻከረ ድምፃቸው፣ ቃሉን በግዕዝ ከነርክርኩ ተቀበሉት። ኃላፊው ዞር አለ። መራጮቹ ዞር አሉ። አባቴ የየኔታን ነጠላ ጫፍ ይዘው መጎተቱም መተዉም አቅቷቸው ቀሩ።

የጓደኛዬ ማምለጫ አንድ ነበር። አንገቱን ቢነቀንቅ ድራሙ ይገባል፣ እኔም እገባለሁ፣ የሽማግሌው ድምፅ ይዋጣል፤ አንድ ያረጁ ሰው ተሳሳቱ ተብሎ ተስቆ ይቀራል። ድራም መቺው ዱላዎቹን አውጥቶ አፍጥጦ ያየዋል። እኔም በልቤ ነቅንቅ፣ ነቅንቅ እለዋለሁ። ዕድሉ እዚያች አንገቱ ላይ ነበረች።

አልነቀነቀም። የኔታ እስኪጨርሱ ጠበቀና እጁን መልሶ ሁለተኛውን ሐረግ መራ። የኔታ ተቀበሉ። ሦስተኛውን መራ። ያን ጊዜ ከኋላ ወንበር አንድ ሰው አብሮ ተቀበለ፤ ቀጥሎ ሌሎች፤ ከየፋብሪካውና ከየመሥሪያ ቤቱ የመጡ፣ ልጅነታቸውን የቆሎ ተማሪ ሆነው ያሳለፉ ሰዎች። እኔ ማን እንደ ፈቀደልኝ አላውቅም፤ የጊታሬን ክር ስቤ ከየኔታ ድምፅ ሥር ገባሁ። ጓደኛዬ አንገቱን የነቀነቀው ከዚያ በኋላ ነው። ድራሙ መጀመሪያ እንደ ማሕሌት ከበሮ ረገጥ ረገጥ አለ፣ ኋላ ሮኩ መጣ፣ አዳራሹ ተናወጠ። የኔታ በመቋሚያቸው ይወዛወዙ ነበር። አባቴም ጉልበታቸውን ይመቱ ነበር፤ ኋላ ቢክዱም አይቻለሁ።

መራጮቹ አላጨበጨቡም። ኃላፊው የእስክሪብቶውን ክዳን ገጥሞ ኪሱ ከተተ። የተላከው አኮርዲዮን የሚጫወተው ባልደረባችን ነው። ጎበዝ ነበር፣ አልመቀኘውም ልል ነበር፤ ግን እዋሻለሁ፤ ተመቅኝቼዋለሁ። ጓደኛዬን ደግሞ ቡድኑ ፊት አቁመው ግለ ሂስ አስደረጉት። ማንንም አልጠራሁም፣ ራሳቸው ናቸው የተቀበሉት ብሎ ተቀመጠ።

ለየኔታ እንዳይነገራቸው ተማክረን ነበር። አባቴ ምሥጢር አይይዙም፤ በማግስቱ ሱቁ ደጃፍ ላይ አፈረጡት። የኔታ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ሹሙ ውሰደኝ አሉኝ። እየመራሁ የኃላፊው ቢሮ አስገባኋቸው። እንዲቀመጡ ቢለመኑም አልተቀመጡም።

«ልጄ አላጠፋም» አሉ። «እሱ መራ፤ የተቀበልሁት እኔ ነኝ። ዜማ ሲመራ ዝም ማለት አልለመድሁም። ቅጣቱ ለእኔ ይሁን።»

ኃላፊው ከእኛ ብዙ የማይበልጥ ወጣት ነው። የኔታ ሲናገሩ ከወንበሩ ተነሥቶ ነበር። ነገሩ ከእጁ እንደ ወጣ፣ የሚላከው ሰው ስም እንደ ተላለፈ በትሕትና አስረዳቸው፤ ከበሩ እስክንወጣም አልተቀመጠም። ያ ሰው በልቡ ከማን ጋር እንደ ነበረ እስከ ዛሬ እርግጡን አላውቅም።

ቤት ስንደርስ ጓደኛዬ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። የኔታ በእጃቸው ዳብሰው ትከሻውን ያዙ።

«በእኔ ምክንያት ቀረብህ?» አሉት።

«ቀረብኝ» አለ። ከዚያም፣ «ግን የኔታ፣ ተቀበሉልኝ እኮ» አላቸው።

የኔታ ራሱን ይዘው መረቁት። ረጅም ምርቃት ነበር። እናቴ ከበሩ ጀርባ እያለቀሰች አሜን ትል ነበር፤ እኔም አልሁ።

አልቆጨውም ብል ሐሰት ነው። ከአኮርዲዮኑ ልጅ ፖስት ካርድ በመጣ ቁጥር ፒያኖውን የማይከፍትበት ቀን ነበር፤ እኔም እንዳላናግረው ተምሬ ነበር። ግን ሥራውን አላቆመም። ማዳም አገሯ ስትገባ ፒያኖ መቃኛዋን ሰጥታው ሄደች። ልጆች ማስተማሩን ተረከበ፤ «ቀስ»፣ «እንደገና»፣ «አይደለም» እያለ። ቅዳሜ ከሰዓት ሐይቁ ዳር ካለው ሆቴል እንጫወታለን፤ መጀመሪያ የድሮዎቹን ፈረንጆች ብቻውን፣ ቀጥሎ ከእኛ ጋር ሮክ፣ መሐል ላይ ደግሞ የትኛው የቱ እንደ ሆነ የማይለይ የራሱን። ከአዲስ አበባ መጥተው የሰሙት ሙዚቀኞች ወሰዱት፤ ሄዶ ይጫወትላቸዋል፣ ግን የጀልባው ሰዎች ዘጌ ሰላም ነው ሲሉት ካልሰማ እንቅልፍ የለውም፤ ይመለሳል። የኔታ በተሻገሩ ቁጥር ያን ድርሰት መጨረሻ ላይ እናደርገዋለን፤ በፕሮግራሙ ላይ ስሙ አይጻፍም። ሐረጓ ትመራለች፣ ጸጥታ ይሆናል፣ የኔታ ይቀበላሉ። ድራም መቺው ዱላው ላይ መቀመጥ ተወ።

የኔታ ያረፉት በጾም ወራት ነው። ተሻግረን ቀበርናቸው፤ አባቴም ዕድሜ ተጭኗቸው በጀልባ መጥተው ቡናው ሥር ቆመው ሸኟቸው። ተዝካራቸው ወጥቶ እንደ ተመለስን በዚያው አዳራሽ ዝግጅት ነበረን። ጓደኛዬ ድርሰቱ ይጨመር አለ። ይቅር፣ አሁን አይሆንም ብዬ ለመንሁት፤ ተቆጣሁትም። አልሰማኝም።

ተጫወተ። ሐረጓን መራና እጁን ጭኑ ላይ አሳርፎ ፊት ያለውን ወንበር ያይ ጀመር። ጸጥታው ከሚገባው አለፈ። አንገቱን አልነቀነቀም። ሰው ይተያይ ጀመር፣ አንዱ ሳለ። እኔ ይነቀንቃል ስል፣ ይነቀንቃል ስል፣ እንደማይነቀንቅ ገባኝ። ይህ ሰው ተቀባይ ካልመጣለት እስኪመሽ እንደዚያው ይቀመጣል። ንዴት መጣብኝ፤ በእሱ፣ በዝምታው፣ ጥለውን በሄዱት በየኔታም ጭምር። ዓይኔ እንባ ሞልቶ ጊታሬን አላየውም ነበር። የአምፕሊፋየሩን ድምፅ ዝቅ አደረግሁና ክሩን ሳብሁት፤ የኔታ እንደሚቀበሉት፣ ከዚያ ከሁለቱ ቁልፎች መሐል፣ እያርገበገብሁ ወደ ታች። መሐሏ ላይ ሳትሁ። ቢሆንም እስከ መጨረሻው ተቀበልሁ።

እሱ ወደ እኔ አልዞረም። ትንሽ ቆይቶ እጁን መለሰና ሁለተኛውን መራ።

ዝግጅቱ አልቆ ገመዶቹን ስጠቀልል መጥቶ አጠገቤ ቆመ። ዓይኑ ቀልቷል። አንዱን ጫፍ ይዞ አብሮኝ ይጠቀልል ጀመር።

«ዘገየህ» አለኝ።

ሁለተኛ አልዘገይም አልሁት። አልዘገየሁምም።